የኮንቴይነር መኪና አሽከርካሪ በኤምሬትስ፦ መንጃ ፈቃዱ፣ ደመወዙና የሥራ ውሉ

በዱባይ እ.ኤ.አ. በ1979 ሥራ የጀመረው ጀበል አሊ እና በአቡዳቢ በ2012 የተከፈተው ኸሊፋ ወደብ ከመርከብ የሚያወርዷቸው ኮንቴይነሮች ወደ መጋዘን፣ ወደ ፋብሪካና ወደ ጎረቤት አገር ድንበር የሚደርሱት በአብዛኛው በከባድ መኪና ነው። መሪውን የሚይዙት ሠራተኞች በብዛት የውጭ አገር ዜጎች ናቸው። ከጅቡቲ እስከ ሞጆና አዲስ አበባ ባለው መንገድ ልምድ ያካበቱ ኢትዮጵያውያን አሽከርካሪዎችም ይህን የባሕረ ሰላጤ ሥራ ይፈልጉታል።

ሥራው የሚታወቅበት የክፍያ ዓይነት ሁለት መልክ አለው። አንዱ በውሉ ላይ የተጻፈው መሠረታዊ ደመወዝ ሲሆን፣ ሌላው በእያንዳንዱ ጉዞ የሚታሰበው ተጨማሪ ገንዘብ ነው። አሽከርካሪው በወሩ መጨረሻ የሚያየው የሁለቱን ድምር ነው፤ ሕጉ ግን አብዛኞቹን መብቶች የሚለካው በመጀመሪያው ብቻ ነው። ይህን ልዩነት ሳያውቁ መፈረም በየወሩ ባይሰማም ከዓመታት በኋላ፣ ሥራው ሲያበቃ ወይም አደጋ ሲደርስ፣ ዋጋው ይታያል።

መንጃ ፈቃድ

የኢትዮጵያ የደረቅ ጭነት መንጃ ፈቃድ በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ኮንቴይነር ለመጎተት አያበቃም። ኤምሬትስ የአንዳንድ አገሮችን መንጃ ፈቃድ ያለ ፈተና ወደ ራሷ ፈቃድ የምትቀይርበት ዝርዝር ቢኖራትም ኢትዮጵያ በውስጡ የለችም። ስለዚህ በተሳቢ ላይ የአሥር ዓመት ልምድ ያለው ሰውም እንደ አዲስ ሠልጣኝ ፋይል ያስከፍታል፤ የዓይን ምርመራ ያደርጋል፤ በተፈቀደለት ማሠልጠኛ ይመዘገባል፤ የንድፈ ሐሳብ ትምህርትና ፈተና ይወስዳል፤ ከዚያም በግቢ ውስጥና በዋናው መንገድ ላይ በተግባር ይፈተናል። በዱባይ ይህን የሚመራው የመንገዶችና ትራንስፖርት ባለሥልጣን ነው። በሌሎቹ ኤምሬቶች እንደየአካባቢው ፖሊስ ወይም የፈቃድ ሰጪ አካል ሥራው ይከናወናል።

የመንጃ ፈቃዱ ምድብ በጥንቃቄ መታየት አለበት። ቀላል ተሽከርካሪ፣ ከባድ የጭነት መኪና፣ አውቶቡስ እና የሥራ ማሽነሪ እያንዳንዳቸው የተለየ ምድብ አላቸው፤ አንዱ ሌላውን አይተካም። እ.ኤ.አ. ከማርች 29 ቀን 2025 ጀምሮ ተግባራዊ የሆነው የትራፊክ ሕግ፣ ማለትም የ2024 ፌዴራል አዋጅ ቁጥር 14፣ ለቀላል ተሽከርካሪ የሚጠየቀውን ዕድሜ ወደ 17 ዓመት ዝቅ አድርጎታል። ለከባድ መኪና የሚጠየቀው ግን ከዚህ ከፍ ያለ ነው። ያለ መንጃ ፈቃድ ወይም ለተሽከርካሪው ዓይነት ባልተሰጠ ፈቃድ ያሽከረከረ ሰው በዚሁ ሕግ መሠረት እስከ 3 ወር እስራት ወይም ከ5,000 እስከ 50,000 ድርሃም መቀጮ ይጠብቀዋል፤ ጥፋቱ ከተደገመ ቅጣቱ ይጠነክራል። «ፈቃዱ እስኪወጣ ድረስ ለጥቂት ቀን ይዘህ ውጣ» የሚል የአለቃ ቃል በፍርድ ቤት መከላከያ እንደማይሆን ማወቅ ይገባል።

ፈቃዱን ማውጣት አንድ ነገር ነው፤ ይዞ መቆየት ሌላ ነው። በኤምሬትስ የጥፋት ነጥብ ሥርዓት 24 ጥቁር ነጥብ የሞላበት አሽከርካሪ ፈቃዱ ይያዛል። ቀይ መብራት የጣሰ የከባድ መኪና አሽከርካሪ 3,000 ድርሃም ይቀጣል፤ መንጃ ፈቃዱም ለአንድ ዓመት ይታገዳል። ዱባይ ደግሞ በ2023 ባወጣችው ድንጋጌ ቁጥር 30 የባሰውን አስቀምጣለች፦ በከባድ መኪና ቀይ መብራት የጣሰ የውጭ ዜጋ ከአገር ሊባረር ይችላል። በአንድ መስቀለኛ መንገድ ላይ የባከነች ሰከንድ ሥራንም መኖሪያ ፈቃድንም ልታሳጣ ትችላለች ማለት ነው።

ከመንጃ ፈቃዱ ሌላ ወደቡ ራሱ የሚጠይቀው አለ። አሽከርካሪው የመግቢያ ይለፍ ያስፈልገዋል፤ በጀበል አሊ መኪናው ኮንቴይነር ለማንሳት ወይም ለማድረስ የሚገባው ቀድሞ በተያዘ የኤሌክትሮኒክ ቀጠሮ ነው። አደገኛ ዕቃ የጫነ ኮንቴይነር ለመያዝ ተጨማሪ ሥልጠናና ፈቃድ ያሻል። የክብደቱም ጉዳይ አለ፦ ከ2024 ጀምሮ በፌዴራል መንገዶች የሚፈቀደው የከባድ ተሽከርካሪ ጠቅላላ ክብደት ጣሪያ 65 ቶን ሆኗል። ኮንቴይነሩ ታሽጎ ስለሚረከበው አሽከርካሪው በውስጡ ያለውን አያይም፤ የክብደት ወረቀቱን ሳይመለከት ከበር መውጣት ግን የለበትም።

ለመንጃ ፈቃዱ ሥልጠና ማን ይከፍላል የሚለው ጥያቄ ብዙ ቅሬታ የሚነሳበት ነው። የሠራተኛ ሕጉ አሠሪው የቅጥርና የምልመላ ወጪን በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ከሠራተኛው እንዳይወስድ ይከለክላል። የማሠልጠኛው ክፍያ ግን ብዙ ጊዜ በብድር መልክ ይቀርባል፦ ኩባንያው ይከፍልና በየወሩ ከደመወዝ ይቆርጣል። እንዲህ ዓይነት ብድር የሠራተኛውን የጽሑፍ ስምምነት ይጠይቃል፤ ወለድም አይታሰብበትም። የተቆረጠበት ምክንያት ብዙ ቢሆንም በአንድ ወር የሚቀነሰው በጠቅላላው ከደመወዙ ግማሽ ሊያልፍ አይችልም፤ በድርጅቱ ደንብ መሠረት ለዲሲፕሊን ጥፋት የሚቀነሰው ደግሞ ከ5 በመቶ አይበልጥም። አንድ ሠልጣኝ በመጀመሪያው ፈተና ላያልፍ ስለሚችል የድጋሚ ፈተናውን ክፍያ ማን እንደሚሸከም ከመጀመሪያው በጽሑፍ ማስቀመጥ ይበጃል።

መሠረታዊ ደመወዝና የጉዞ ገንዘብ

የግል ድርጅት ሠራተኞችን የሚመለከተው ሕግ የ2021 ፌዴራል አዋጅ ቁጥር 33 ሲሆን፣ ከፌብሩዋሪ 2 ቀን 2022 ጀምሮ ይሠራበታል። ይህ ሕግ በግል ድርጅት ለሚሠራ የውጭ ዜጋ በቁጥር የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ አላስቀመጠም። በመሆኑም የአሽከርካሪው ዋስትና የተጻፈው ውል ነው። በውሉ ላይ «መሠረታዊ ደመወዝ» በሚለው መስመር የሰፈረው ቁጥር ከጠቅላላው ክፍያ ይልቅ ሊታይ ይገባዋል።

አንድ ምሳሌ ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። ሁለት አሽከርካሪዎች እያንዳንዳቸው በወር 3,000 ድርሃም ያገኛሉ እንበል። የአንደኛው መሠረታዊ ደመወዝ 1,200 ሲሆን ቀሪው 1,800 የጉዞ ገንዘብ ነው። የሁለተኛው መሠረታዊ ደመወዝ 2,400 ሲሆን 600ው ብቻ ነው የጉዞ ገንዘብ። ጭነት በበዛበት ወር በሁለቱ መካከል ልዩነት አይታይም።

ትርፍ ሰዓት ሲሠሩ ግን ልዩነቱ ይጀምራል። ሕጉ መደበኛውን የሥራ ጊዜ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ይወስነዋል። ከዚያ በላይ ለተሠራ ሰዓት በመሠረታዊ ደመወዝ ላይ ቢያንስ 25 በመቶ ተጨምሮ ይከፈላል፤ ሥራው በሌሊት ከሆነ ጭማሪው ቢያንስ 50 በመቶ ነው። ወሩን በ30 ቀን፣ ቀኑን በ8 ሰዓት በሚያካፍለው የተለመደ ስሌት የመጀመሪያው አሽከርካሪ የአንድ ሰዓት መሠረታዊ ደመወዝ 5 ድርሃም ነው፤ ትርፍ ሰዓቱ በቀን 6.25፣ በሌሊት 7.50 ይደርሳል። ለሁለተኛው በቀን 12.50፣ በሌሊት 15 ድርሃም ነው። መንገዱም ወደቡም አንድ ሆኖ ሳለ የአንዱ ሰዓት የሌላው እጥፍ ነው።

እዚህ ላይ ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች አንድ ማሳሰቢያ ያስፈልጋል። በኤምሬትስ ወረቀት ላይ የሚጻፈው ሰዓት በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ነው። ሕጉ «ሌሊት» የሚለው በእነርሱ ከ10 እስከ 4 ያለውን ሲሆን፣ በእኛ አነጋገር ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 10 ሰዓት ማለት ነው። የጉዞ መዝገብ ሲሞላ ሁለቱን ማደባለቅ የሌሊት ሥራን የቀን ያስመስለዋል፤ እንዲህ ያለ መዝገብ ደግሞ በኋላ ለማረም ያስቸግራል።

ሥራው ሲያበቃ ልዩነቱ ይሰፋል። አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለገለ የውጭ ዜጋ ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ለእያንዳንዱ ዓመት የ21 ቀን፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የ30 ቀን መሠረታዊ ደመወዝ የአገልግሎት ማብቂያ ክፍያ ያገኛል፤ ድምሩ ከሁለት ዓመት ደመወዝ አይበልጥም። በምሳሌያችን አምስት ዓመት የሠራው የመጀመሪያው አሽከርካሪ 4,200 ድርሃም፣ ሁለተኛው 8,400 ድርሃም ይዞ ይወጣል። ሳይወሰድ የቀረ የዓመት ፈቃድም ወደ ገንዘብ ሲለወጥ የሚሰላው በመሠረታዊው ነው።

ሥራ ላጣ ሠራተኛ በ2023 የተጀመረው ኢንሹራንስም መለኪያው ይኸው ነው። መሠረታዊ ደመወዙ 16,000 ድርሃምና ከዚያ በታች የሆነ ሠራተኛ በወር 5 ድርሃም ይከፍላል፤ ቢያንስ 12 ተከታታይ ወራት ከፍሎ ያለ ጥፋቱ ከሥራ ከተሰናበተ የመሠረታዊ ደመወዙ 60 በመቶ እስከ ሦስት ወር ይከፈለዋል። ይህም ለአንዱ በወር 720፣ ለሌላው 1,440 ድርሃም ይሆናል።

ከሁሉም የሚከብደው የአደጋ ካሣ ነው። በሥራ ላይ ጉዳት የደረሰበት ሠራተኛ ሕክምናውን አሠሪው ይሸፍናል፤ መሥራት ላልቻለበት ጊዜ እስከ ስድስት ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ከዚያ በኋላ ላለው ስድስት ወር ደግሞ ግማሹ ይከፈለዋል። ሞት ከደረሰ ቤተሰቡ የ24 ወር መሠረታዊ ደመወዝ ያገኛል፤ መጠኑ ከ18,000 አያንስም፣ ከ200,000 ድርሃም አይበልጥም። ለመጀመሪያው አሽከርካሪ ቤተሰብ ይህ 28,800፣ ለሁለተኛው ቤተሰብ 57,600 ድርሃም ነው። ሁለቱ ሰዎች በሕይወት ሳሉ ወደ ቤታቸው የሚልኩት ገንዘብ እኩል ሊሆን ይችል ነበር።

በአገር ቤት የረጅም መንገድ ሹፌር ደመወዙ ለስም ሆኖ ኑሮውን በአበል መምራቱ የተለመደ ነው። ይህን ልማድ ይዞ የሚመጣ ሰው ትልቁን የጉዞ ገንዘብ ሲያይ የመሠረታዊውን ማነስ ችላ ሊለው ይችላል። አሠሪዎችን በጅምላ መውቀስም ተገቢ አይደለም፤ በጉዞ መክፈል ታታሪውን የሚጠቅምበት ጊዜ አለና። ሆኖም ሲደራደሩ ከጉዞ ገንዘቡ ላይ መቶ ድርሃም ወደ መሠረታዊው ማዛወር በረጅም ጊዜ ሊጠቅም ይችላል።

ክፍያው በሙሉ በሥራ ውጤት የሆነ፣ ማለትም ወርኃዊ ደመወዝ የሌለውና በጉዞ ብቻ የሚከፈለው ሠራተኛ የተለየ ስሌት አለው። ሕጉ የዚህን ሠራተኛ የቀን ደመወዝ የሚወስነው ጥያቄው ከመቅረቡ በፊት ባሉት ስድስት ወራት በትክክል በሠራባቸው ቀናት ያገኘውን በአማካይ በማስላት ነው። በመሆኑም እንዲህ ያለው አሽከርካሪ የእያንዳንዱን ጉዞ የርክክብ ወረቀትና የወደብ መውጫ ወረቀት ቅጂ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ማስቀመጥ አለበት።

በበር ላይ የሚያልፈው ጊዜ

የኮንቴይነር ሥራ ከሌላው የጭነት ሥራ የሚለየው በጥበቃው ነው። መኪናው በወደብ በር፣ በጉምሩክ፣ በመጋዘን ማራገፊያና በባዶ ኮንቴይነር መመለሻ ላይ ይቆማል። ለከባድ መኪናዎች የተከለከሉ ሰዓቶችም አሉ፤ ለምሳሌ ከጃንዩዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ከአል አዊር መንገድ እስከ ሻርጃ ባለው የኤምሬትስ ሮድ ክፍል ከምሽቱ 11፡30 እስከ 2፡00 ሰዓት በኢትዮጵያ አቆጣጠር የጭነት መኪና እንዳያልፍ ተደርጓል። በጉዞ የሚከፈለው አሽከርካሪ በእነዚህ ሰዓታት መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ምንም ላያገኝ ይችላል።

የሠራተኛ ሕጉ ስለ ወደብ ጥበቃ በስም የደነገገው ነገር የለም። የደነገገው ሠራተኛ ከአምስት ተከታታይ ሰዓት በላይ ያለ ዕረፍት እንዳይሠራ፣ በድምሩ ከአንድ ሰዓት ያላነሰ ዕረፍት እንዲያገኝና ይህም ዕረፍት ከሥራ ሰዓት እንዳይቆጠር ነው። ክርክሩ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው፦ ሰልፉ እየተንቀሳቀሰ ስለሆነ ከመሪው መራቅ ያልቻለ ሰው አረፈ ይባላል ወይስ ሠራ? በጸሐፊው አመለካከት መኪናውን ትቶ መሄድ የማይችል ሰው በሥራ ላይ ነው። ነገር ግን ይህን በክርክር ከማስረዳት ይልቅ ከስንት ሰዓት ጥበቃ በኋላ ስንት ድርሃም እንደሚከፈል በውሉ ወይም በአባሪው ማስጻፍ ይቀላል።

የትርፍ ሰዓትም ገደብ አለው። በመርህ ደረጃ በቀን ከሁለት ሰዓት መብለጥ የለበትም፤ በየሦስት ሳምንቱ የሚሠራው ጠቅላላ ሰዓትም ከ144 ማለፍ የለበትም። በሳምንት ቢያንስ አንድ ቀን ዕረፍት ይገባል፤ በዚያ ቀን የሠራ ሰው ምትክ ቀን ወይም በመሠረታዊው ላይ 50 በመቶ የተጨመረበት ክፍያ ያገኛል። እንቅልፍ ያልጠገበ ሰው ከኋላው አርባ ጫማ ኮንቴይነር ሲጎትት አደጋው ለእርሱ ብቻ እንዳልሆነ አያከራክርም።

ከአገር ከመውጣት በፊት

በኢትዮጵያ የውጭ አገር ሥራ ስምሪትን የሚገዛው አዋጅ ቁጥር 923/2008 ሲሆን በኋላ በአዋጅ ቁጥር 1246/2013 ተሻሽሏል። በአዋጁ መሠረት የመግቢያ ቪዛ፣ የአውሮፕላን ትኬት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ ወጪ የአሠሪው ነው፤ ሠራተኛው የሚሸፍነው እንደ ፓስፖርትና የጤና ምርመራ ያሉትን ነው። በጉብኝት ቪዛ ገብቶ ሥራ መጀመር በኤምሬትስ ሕግ የተከለከለ ነው። በ2024 የወጣው ማሻሻያ ያለ ሥራ ፈቃድ ሠራተኛ በሚያሠራ አሠሪ ላይ ከ100,000 እስከ አንድ ሚሊዮን ድርሃም መቀጮ ጥሏል።

የቪዛው ዓይነትም ይታይ። በ«ቤት ሹፌር» ቪዛ የገባ ሰው በሌላ ሕግ፣ በ2022ቱ የቤት ውስጥ ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 9፣ ሥር ነው። ይህ ሰው በኩባንያ የጭነት መኪና ላይ ቢቀመጥ ከላይ የተዘረዘሩት የክፍያ ደንቦች ስለማይሸፍኑት አደጋ ቢደርስ ራሱን ባዶ እጁን ሊያገኝ ይችላል።

ቀድሞ የተፈረመው የሥራ ግብዣ ወረቀትና በሰው ኃይልና ኤምሬታይዜሽን ሚኒስቴር የሚመዘገበው ውል አንድ መሆን አለባቸው፤ ውሉ ከግብዣው የሚያንስ ነገር ሊይዝ አይገባም። የሙከራ ጊዜ ከስድስት ወር አይበልጥም። አሠሪ የሠራተኛን ፓስፖርት መያዝ አይችልም፤ «ለደኅንነት ነው» የሚባለው ምክንያትም አይሠራም።

ክፍያ ሲዘገይ

ደመወዝ የሚከፈለው በደመወዝ ጥበቃ ሥርዓት በኩል፣ በባንክ ወይም በተፈቀደለት የገንዘብ ተቋም ነው። ከክፍያው ቀን በኋላ በ15 ቀናት ውስጥ ያልከፈለ አሠሪ እንደ ዘገየ ይቆጠራል፤ ሚኒስቴሩም አዲስ የሥራ ፈቃድ እስከ መከልከል የሚደርስ እርምጃ ይወስዳል። የጉዞ ገንዘቡ በጥሬው የሚሰጥ ከሆነ ማስረጃ አይተውም። ስለዚህ እርሱም በዚሁ መንገድ እንዲገባ መጠየቅ ወይም ቢያንስ የተፈረመበት ደረሰኝ መያዝ ያስፈልጋል።

አቤቱታ በመጀመሪያ የሚቀርበው ለሚኒስቴሩ ነው፤ የስልክ መስመሩ 600590000 ነው። በነፃ የንግድ ቀጣና የተመዘገበ ኩባንያ ሠራተኛ ግን ውሉን የመዘገበው የቀጣናው ባለሥልጣን መሆኑን አስቀድሞ ያጣራ። ከጃንዩዋሪ 2024 ወዲህ የክርክሩ መጠን ከ50,000 ድርሃም ካልበለጠ ሚኒስቴሩ ራሱ ውሳኔ መስጠት ይችላል፤ የብዙ አሽከርካሪዎች ጥያቄ በዚህ መጠን ውስጥ የሚወድቅ በመሆኑ ጉዳዩ ሳይራዘም ሊያልቅ ይችላል። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከደረሰም እስከ 100,000 ድርሃም ላለ ጥያቄ የዳኝነት ክፍያ የለም። ሥራው ሲቋረጥ አሠሪው የሠራተኛውን ቀሪ ገንዘብ በሙሉ በ14 ቀናት ውስጥ መክፈል አለበት።

የአቤቱታ ጊዜው ቀድሞ መብቱ ከተፈጠረበት ቀን አንስቶ አንድ ዓመት ብቻ ነበር። በ2024ቱ ማሻሻያ ወደ ሁለት ዓመት ከፍ ብሎ መቆጠር የሚጀምረውም ሥራው ካበቃበት ቀን ሆኗል። ይህ በሥራ ላይ ሳለ ለመክሰስ የሚፈራ አሽከርካሪ የዓመታት ትርፍ ሰዓቱን ሲለቅ ለመጠየቅ ያስችለዋል፤ የጉዞ መዝገቡን፣ የባንክ መግለጫውንና የተፈረመውን ውል ቅጂ እስከዚያ ድረስ ካልጣለው።